ባቡሩና ግራው ቢገናኙ ኖሮ

ወንዶች ባልሆነ ነገር ላይ መከራከር ይወዳሉ። የሆነውማ ሆኗል፤ ምን ያከራክራል? "ያቺ ግብ ባትሻር ኖሮ"፣ "እገሌ በደህና ዘመኑ እገሌን ቢያገኘው ኖሮ" ይላሉ። በዚች "ኖሮ" በምትባል አንዲት ቃል ላይ ቤት ሠርተው፣ ቆርቆሮ አልብሰው፣ ተከራይ ሳይቀር አስገብተው ይኖሩባታል።

እኔ ከዚህ ዓይነቱ ነገር የራቅኩ ሴት ነበርኩ። እዚህ አዳማ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ መጽሐፍ ማዋስ፣ መጽሐፍ መቀበል፣ በየገጹ ጠርዝ በእርሳስ የተጻፈውን የፍቅር ቃል በላጲስ ማጥፋት ነው። "እወድሻለው" ተብሎ ተጽፎ ካገኘሁት መጀመሪያ "እወድሻለሁ" ብዬ አርመዋለሁ፤ ከዚያ አጠፋዋለሁ። የተሳሳተ ነገር ሳይታረም ሲጠፋ እንቅልፍ ይነሳኛል።

እንዲህ ያለ አመል ያለባት ሴት በሽምግልና ቀን ከሳሎን መራቅ ነበረባት። አልራቅኩም። አሁን ስላለፈ እስቃለሁ እንጂ ያን ሰሞን ሳቅ ምን እንደሆነ ረስቼው ነበር።

ነገሩ የሜላት ነው። ሜላት የሟች እህቴ ልጅ ናት፤ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። "እታለም" ትለኛለች። አብዲ የሚባል መልካሳ እርሻ ምርምር የሚሠራ የሰብል ባለሙያ ወደደች፤ እሱም ወደዳት። ልጁ የሚያጠናው ማሽላ ውሃ ሳያገኝ ምን ያህል እንደሚቆይ ነው። አራት ዓመት ሙሉ እኛ በር ላይ እየመጣ፣ አባቴን ፈርቶ ሳይገባ ሲመለስ ሳየው፣ ለጥናቱ ራሱን ናሙና ያደረገ ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑ ተሰማ። ቤታችን በፍርሃት ታመሰ። ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ሲቆጠር የማናውቀው አያት ድንገት ብቅ እንዳይል ፈራን። ሰርጉ እኛ ቤት ነው እነሱ ቤት በሚለው ጠብ እንዳይነሳ ፈራን። አባቴ የልጁን ሥራ "የማሽላ ዘበኛ" ብለው እንዳያንኳስሱ ፈራን። ቦክስን የፈራ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

አባቴ አቶ በላቸው ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በጉልምስናቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ከሥራ መልስ ደግሞ ቦክሰኛ። በክብደታቸው የክፍለ ሀገሩ ሻምፒዮን ሆነዋል። "ባቡሩ" ይባሉ ነበር። ይህ ቅጽል በሥራቸው ብቻ የወጣላቸው አይደለም፤ ወደ ፊት እንጂ ወደ ጎን መሄድ ስለማያውቁ ነው። ዛሬም ገበያ ውስጥ አብረናቸው ስንሄድ ሰው ነው የሚዞርላቸው።

በቀጠሮው እሑድ ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። አንደኛው አቶ ግርማ የሚባሉ የቤት ደላላ ናቸው፤ ዝም ማለት የሚያማቸው ሰው። ሌላኛው ከመግባት እስከ መውጣት አንድ ቃል ስላልተነፈሱ ስማቸውን ሳልይዘው ቀረሁ፤ በኋላ ስመለከተው በዚያ ቤት ውስጥ አስተዋዩ እሳቸው ብቻ ነበሩ። የሁሉም አለቃ ረጅም፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጭ ጋቢ የደረቡ የአብዲ ቤተ ዘመድ ሽማግሌ ነበሩ።

"አካም ጅርቱ" አሉ አባቴ፣ ሐዲድ ላይ በለመዱት ኦሮምኛ።

"ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ ረጅሙ ሽማግሌ፣ በጥሩ አማርኛ።

እጅ ሊጨባበጡ ሲቃረቡ አባቴ የሰውየውን አፍንጫ አይተው ቀጥ አሉ። አፍንጫው መሐሉ ላይ ትንሽ ወደ ቀኝ ይታጠፋል።

"ይኼን አፍንጫ ፎቶ ላይ አውቀዋለሁ" አሉ። "ግራው ቱፋ!"

"ባቡሩ!" አሉ ኦቦ ቱፋ።

እንዴት ተቃቀፉ! እዚህ ላይ ላልሰማችሁ ልንገራችሁ፦ አባቴ ጣታቸው ተሰብሮ ቦክስ ባቆሙ በዓመቱ፣ ኦቦ ቱፋ ከሸንኮራ እርሻው ሰፈር ብቅ ብለው ያንኑ ማዕረግ ወሰዱ። ወደ ጎን እየተንሸራተቱ የሚመቱበት ግራ እጃቸው ኃይለኛ ስለነበር "ግራው" ተባሉ። ሁለቱ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ክብደት፣ በአንድ ጓንት ማለት ይቻላል፣ ሻምፒዮን ሆነው ሳለ አንድም ቀን ተገናኝተው አያውቁም። ባቡሩ ከጣቢያው ሲወጣ ግራው መጡ።

ሜላት ከጓዳው መጋረጃ ኋላ በሹክሹክታ "ተሳካ!" አለች። እኔም ተሳካ ብዬ ብስኩት አዞርኩ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ጥያቄያቸውን በወግ አቀረቡ፤ አባቴም በወግ "ቀጠሮ እንሰጣለን" ሊሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያን ጊዜ አቶ ግርማ ብስኩታቸውን ይዘው፦

"ግን እንዲያው ለጨዋታ ያህል" አሉ፤ "ሁለታችሁ በደህና ዘመናችሁ ብትገናኙ ኖሮ ማን ያሸንፍ ነበር?"

"ኧረ እሳቸው ይጥሉኝ ነበር" አሉ አባቴ።

"በፍጹም! እሳቸው ናቸው እንጂ" አሉ ኦቦ ቱፋ።

ይህ እንግዲህ በር ላይ "እርስዎ ይቅደሙ"፣ "የለም እርስዎ" እንደሚባለው ነው። ማንም አያምንበትም፤ ሁሉም ግን በሰላም ይገባል። ነገሩ በዚሁ ቢያበቃ እኔም ይህን አልጽፍም ነበር። አባቴ ግን በእኔ መኩራት ይወዳሉ።

"ልጄ ትፍረድ!" አሉ። "የተማረች ናት። የኔን ደብተር ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ታውቀዋለች።"

እውነት ነው። ሳድግ እናቴ ስለታመመች ከትምህርት ቤት ቀረሁ፤ ከዚያ ታናናሾቼ መጡ፤ ከዚያ ሜላት መጣች። የማታ ትምህርት የገባሁት በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ ሜላት አንደኛ ክፍል በገባችበት ዓመት ነው። ሁለታችንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ፊደል እንቆጥር ነበር፤ እሷ ቀድማኝ ጨረሰች። እኔ ማንበብ የተለማመድኩበት ጽሑፍ ደግሞ ቤት ውስጥ የተገኘው የአባቴ ደብተር ነው። ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በኋላ የሆነውን በእጃቸው ይጽፉ ነበር። "አንደኛ ዙር፦ እኔ። ሁለተኛ ዙር፦ እኩል። ሦስተኛ ዙር፦ እግሬ የሰው እግር ሆነብኝ፤ መድኃኔዓለም አወጣኝ።" ገጽ በገጽ እንዲህ ነው። ሌላው ሰው በተረት ፊደል ይለያል፤ እኔ በአባቴ ሦስተኛ ዙር ለየሁ።

እናም ጠየቁኝ። አንድ ጤነኛ ሰው "ሁለታችሁም አንበሶች ናችሁ" ብሎ ብስኩቱን ያዞራል። እኔ ግን መነጽሬን አስተካክዬ፦

"አንደኛውን ዙር አባባ ይወስዳሉ" አልኩ። "ሁለተኛው እኩል ይሆናል። ሦስተኛው ላይ ግን አባባን እግራቸው ይከዳቸዋል። ኦቦ ቱፋ ደግሞ ወደ ጎን የሚሄዱ ስለነበሩ፣ በነጥብ ኦቦ ቱፋ ያሸንፋሉ።"

የአቶ ግርማ ብስኩት በሳህኑና በአፋቸው መካከል ቆሞ ቀረ። ለማጽናናት ያህል፦

"በዝረራ ግን አይሆንም" ብዬ ጨመርኩ።

አባቴ ብድግ አሉ። "ቀጠሮው ለሦስተኛው እሑድ ነው" አሉ። "ሦስተኛ" የሚለውን ቃል ሲናገሩ እኔን ነው ያዩት።

ሽማግሌዎቹ እንደወጡ አባቴ ፍርዳቸውን ሰጡ። "ሰዎቹ 'እግር የለውም' ብለው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። እኔ በዚህ ስም ልጅ አልድርም። ወይ ቃልሽን ታነሺያለሽ፣ ወይ በሩን አልከፍትላቸውም።"

"አባባ፣ ጨዋታ እኮ ነው" አለች ሜላት።

"የማን እግር ነው ጨዋታ?" አሏት።

ሜላት ወደ ጓዳ ጎተተችኝ። ዓይኗ ውሃ ሞልቷል። "እታለም፣ አንድ ቀን እንኳ 'እኔ እንጃ' ብትዪ ምን አለበት?"

"'እኔ እንጃ' ለማለት ነው ይኼን ሁሉ ዓመት በማታ የተማርኩት?" አልኳት። ወዲያው ግን አፈርኩ። አራት ዓመት የጠበቀች ልጅ ናት። ድርቅ የሚችል ማሽላ አለ፤ እኔን የሚችል ሙሽራ ግን ከየት ይገኛል?

ስለዚህ ነገሩን ላቃና ተነሳሁ። እኔ ነገር ላቃና ስነሳ ሰው ዘወር ቢል ይሻለዋል። አሳቤ እንዲህ ነበር፦ በቃሌ "ተሳስቻለሁ" ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ማስረጃ ካገኘሁ ግን እርማት ነው። እርማት ደግሞ ያስከብራል። ሁለቱንም በዳኝነት ያዩ አንድ ሰው ብቻ በሕይወት እንዳሉ ሰማሁ፤ ጋሽ ሽፈራው ይባላሉ፣ ቆቃ ናቸው። የአባቴን ደብተር በፌስታል ጠቅልዬ በሚኒባስ ሄድኩ።

ጋሽ ሽፈራው ሐይቁ ዳር ከዓሣ ሻጮች ጋር ተቀምጠው ቢላዋ ይስላሉ። ጥያቄዬን አቀረብኩ።

"የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ።

"የበላቸው።"

"እንግዲያው በላቸው ያሸንፋል።"

"ጋሼ፣ እውነቱን ነው የፈለግኩት።"

"እውነቱን ነው የነገርኩሽ። የቱፋ ልጅ ብትመጣ ደግሞ ቱፋ ያሸንፋል እላታለሁ። አንቺ ልጅ፣ ያን ያህል ዓመት ዳኝቼ አንድም ጥርሴ ያልወለቀው በምን ይመስልሻል?"

ሳቁብኝ። የዓሣ ሻጮቹም ሳቁ። ባዶ እጄን ላለመመለስ አራት ቆሮሶ ገዛሁ፤ ዓሣውንና ደብተሩንም አንድ ዘንቢል ውስጥ አደረግኳቸው። ይህን ያደረገችው መጽሐፍ ላይ ውሃ የያዘ ተማሪ ሲቀርብ ከወንበሯ የምትዘል ሴት ናት። ፀሐዩ የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ነው፤ ሚኒባሱም ሙሉ ነው። አዳማ እስክንደርስ መስኮት ያልከፈተ አልነበረም። ማንም ወደኔ አላየም፤ ሁሉም ግን ያውቁ ነበር።

ቤት ደርሼ ዘንቢሉን ስከፍት የዓሣው ውሃ ፌስታሉን ሰርጎ ደብተሩን አርሶታል። ነፍሴ ወጣች። አባቴ በቤት የሉም። ክሩን ፈትቼ ገጾቹን ለያየሁና በልብስ ገመዱ ላይ አንድ በአንድ በመቆንጠጫ ሰቀልኳቸው። በተራ ቁጥራቸው ነው የሰቀልኳቸው፤ ጥፋት ሲሠራም ሥርዓት አለው።

የአዳማን ነፋስ የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቀዋል። ይህች ከተማ በነፋሷ መብራት ታመነጫለች፤ የተረፋትን እኛ ላይ ትለቀዋለች። አንድ ጊዜ "ሿ" አለ፤ መቆንጠጫዎቹ ገመዱ ላይ ቀሩ፣ ገጾቹ ሄዱ።

ገና አንዱን ገጽ ከቁልቋሉ ላይ ሳነሳ ከአጥሩ ማዶ ድምፅ ሰማሁ። ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ ናቸው። ማንበብ የሚችሉት ጮክ ብለው ብቻ ነው።

"'ሦስተኛ ዙር፦ እግሬ የሰው እግር ሆነብኝ'!" አሉ። "ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ይኼ የማን እግር ነው?"

ቀኑ ሳይመሽ ሰፈሩ ሁሉ የማን እንደሆነ አወቀ። አንድ ገጽ ባጃጅ ተራው ጋ ተገኘ። የሽምግልናውን ቀን ጥያቄ ሰምተው ነበርና ነጂዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። "ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ መዞር አይችልም፤ ግራው በጎን ይገባለታል" ያለው አንዱ፣ "ባቡር መንገድ ላይ የቆመ ሰው ወደ ጎን ለመሄድ ጊዜ የለውም" ካለው ጋር መነጋገር አቆመ። ከባቡሩ ደጋፊ ጋር የተሳፈረ ሰው ስለ ግራው ካነሳ መሐል መንገድ ይወርዳል ተባለ። የሜላት የሥራ ጓደኞች በቴሌግራም ድምፅ መስጫ ከፈቱ። አባቴ በራሳቸው ስልክ ለራሳቸው ድምፅ ሰጥተው የሜላትን ስልክ ተዋሱ።

"አባባ፣ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ነው" አልኳቸው።

"እኔ ሁለት ሰው ነኝ" አሉኝ፤ "የያኔውና ያሁኑ።"

ገጾቹን በየደጁ እየለቀምኩ ሰበሰብኳቸው፤ አንድም አልጎደለም፤ ሁሉም ግን ቆሮሶ ቆሮሶ ይሸታሉ። አባቴ ደብተሩን አፍንጫቸው ላይ ይዘው አሸተቱ። "ሦስተኛው ዙር ይበቃ ነበር፤ ዓሣ ደግሞ ምን ጨመረው?" አሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አቶ ግርማ በሁለቱ ቤቶች መካከል ይመላለሳሉ። ደላላ ናቸውና ወሬን ባዶውን አያደርሱም። ኦቦ ቱፋ ዘንድ ሄደው "በላቸው ጠዋት ጠዋት የበረንዳውን ደረጃ መቶ ጊዜ ይወጣል ይወርዳል" ይላሉ። እኛ ዘንድ መጥተው "ቱፋ በሸንኮራው ቦይ ዳር ይሮጣል" ይላሉ። አባቴ ደረጃ ወጥተው አያውቁም ነበር፤ ይህን ከሰሙ በኋላ ግን ጀመሩ። ኦቦ ቱፋም፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ መሮጥ የጀመሩት ስለ ደረጃው ሲሰሙ ነው። የምታገባው ሜላት፣ የምትከሳውም ሜላት፤ ልምምድ የሚሠሩት ግን ሁለቱ ሽማግሌዎች ሆኑ። አብዲ ስልክ ደውሎ "እትዬ፣ ቤታችን ውስጥ ስለ እኔ የሚያወራ ሰው የለም" አለኝ። ድምፁ የደረቀ ነበር።

ሦስተኛው እሑድ ደረሰ። አባቴ በሩን ይከፍቱ ይሆን ብለን ሰጋን። ከፈቱ። ለካ ደረጃ የወጡት ለዚህ ቀን ነበር።

በኛ ቤት ደንብ፣ በመጀመሪያው ቀን ሽማግሌ ተቀምጦ ይጠይቃል። ለመልስ በመጣ ቀን ግን "ሰጥተናል" እስኪባል ድረስ አይቀመጥም፤ ቆሞ ነው የሚለምን። ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሴቶቹ ከጓዳ እልል ይላሉ። ደንቡን ያወጣው ሰው ብልህ ነበር፤ ሽማግሌ ጉልበቱን ስለሚያመው ነገር አያንዛዛም፣ የልጅቷ ወገንም እንግዳ አቁሞ መኮራት ያሳፍረዋል። ያ ብልህ ሰው ግን ሁለት ቦክሰኞች ፊት ለፊት ይቆማሉ ብሎ አላሰበም።

እትዬ ወርቄ ጓዳ ውስጥ ተዘጋጅተዋል። የሰፈሩን እልልታ የሚጀምሩት እሳቸው ናቸው፤ ጉሮሯቸውን ለማለስለስ ከጠዋት ጀምሮ ማር ሲልሱ ውለዋል። ሜላት አጠገባቸው ቆማ በመጋረጃው ቀዳዳ በአንድ ዓይኗ ታያለች።

"ዛሬ እሺ ሳንባል አንቀመጥም" አሉ ኦቦ ቱፋ።

"እንግዳዬ ቆሞ እኔም አልቀመጥም" አሉ አባቴ።

"ታዲያ ምን ይላሉ?" አሉ አቶ ግርማ።

"በልጁ ቅር አይለኝም። ጨዋ ነው። ማሽላው ሳይቀር ትዕግሥተኛ ነው ይባላል። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ልጄ ስለ እግሬ የተናገረችውን ታንሳ።"

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። የሜላት ዓይን ከመጋረጃው ቀዳዳ ለመነኝ። "አነሳሁ" ማለት ምን ያቅታል? አራት ፊደል ነው። አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ያ ደብተር ፊቴ ላይ መጣብኝ። በሕይወቴ መጀመሪያ ያለማንም እርዳታ ያነበብኩት ዓረፍተ ነገር እሱ ነበር፦ "እግሬ የሰው እግር ሆነብኝ።" አራት ቀን ፈጅቶብኛል። የገባኝ ለት ተነስቼ ግቢውን ዞሬያለሁ። አራት ቀን ለፍቼ ያነበብኩትን ውሸት ነው ለማለት ምላሴ እምቢ አለ።

"አባባ፣ የተጻፈውን ነው ያነበብኩት" አልኩ።

"እንግዲያው እንቆማለን" አሉ አባቴ።

ቆሙ። ሳላስበው የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤ የቦክስ አንድ ዙር ሦስት ደቂቃ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች በአባቴ የበላይነት አለፉ፤ እንደ ምሰሶ ነበሩ። በሁለተኛዎቹ ሦስት ደቂቃዎች አባቴ ክብደታቸውን ወደ ግራ እግራቸው አዛወሩ፤ ኦቦ ቱፋ አይተው ፈገግ አሉ። አቶ ግርማ የሶፋው ክንድ ላይ ቀስ ብለው ዳሌያቸውን አስደገፉ።

"ሽማግሌ!" ብለው ሁለቱም በአንድ ድምፅ ጮኹባቸው። አቶ ግርማ ብድግ አሉ።

"ተቀመጡ?" አሉ እትዬ ወርቄ ከጓዳ።

"አልተቀመጡም" አለች ሜላት፣ ልታለቅስ ምንም ሳይቀራት።

ሦስተኛው ዙር ገባ። እንደኔ ግምት መክዳት የነበረበት የአባቴ እግር ነው። እኔ ግን የማየው የኦቦ ቱፋን ሱሪ ነበር፤ ጉልበታቸው ጋ እንደ መጋረጃ ይርገበገብ ጀምሯል። ያ ሁሉ የቦይ ዳር ሩጫ ጉልበታቸውን በልቶታል። ግንባራቸው በላብ ወዛ። አባቴም አዩት። አባቴ አንድ ደቂቃ ዝም ብለው ቢቆሙ ኖሮ (ይኸው እኔንም "ኖሮ" ያዘችኝ) በሰው ሁሉ ፊት ያሸንፉ ነበር።

የኦቦ ቱፋ ጉልበት ታጠፈ። ባቡሩ ወደ ጎን መሄድ አያውቁም ብያችኋለሁ፤ ወደ ፊት ሄዱ። በብብታቸው ሥር ገብተው ያዟቸው።

"ይዤሃለሁ፣ ቱፋ!"

"እንዳትለቀኝ፣ በላቸው!"

"አንተም እንዳትለቀኝ፤ እኔም እግር የለኝም!"

ሁለት ቦክሰኞች ሲደክማቸው እንዲህ ይተቃቀፋሉ፤ ዳኛ ነው የሚያላቅቃቸው። እኛ ቤት ግን ዳኛ አልነበረም፤ ዳኛው ቆቃ ቢላዋ ይስላሉ። ተቃቅፈው አንድ እርምጃ ወደዚህ፣ ሁለት እርምጃ ወደዚያ እየተንገዳገዱ የብስኩቱን ጠረጴዛ ዞሩ፤ የሶፋው ጠርዝ ከኋላ መታቸውና ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። አቶ ግርማም አጋጣሚውን ሳያሳልፉ ቁጭ። ዝምተኛው ሽማግሌ ሁሉም ሲቀመጡ አይተው እሳቸውም ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

እትዬ ወርቄ መጋረጃውን ገልጠው ወጡ። ያዩት ሦስት የተቀመጡ ሽማግሌዎችና የሙሽራውን ወገን በእቅፋቸው የያዙ አባት ነው። ከዚህ የበለጠ እሺታ የት አለ?

"እልልልልልል!"

ማሩ ሥራውን ሠራ። ከአጥሩ ማዶ ሌሎች ተቀበሉ፤ ከእነሱ ማዶ ሌሎች። ባጃጅ ተራው ጡሩምባውን ለቀቀው፤ ባቡሩ አሸነፈ ወይስ ግራው ብሎ ለጊዜው የጠየቀ የለም። አባቴ "ቆይ፣ ገና..." ለማለት አፋቸውን ከፈቱ። ግን እልልታ አንዴ ከወጣ ቀጠሮ አይሰጠውም። የኦቦ ቱፋ ራስ ትከሻቸው ላይ ነው፤ ሁለቱም እንደ ወናፍ ይተነፍሳሉ።

"ተቀምጣችኋል" አሉ አባቴ በመጨረሻ።

"ተቀምጠናል" አሉ ኦቦ ቱፋ።

"እንግዲህ ከተቀመጣችሁ... ልጅቷ የናንተ ናት።"

ሜላት ሮጣ ወጥታ የሁለቱንም ጉልበት ሳመች። በዚያች ቅጽበት ከእኔ ላይ የወረደው ሸክም እንደ ስሚንቶ ከረጢት የሚመዘን ነበር። ወንበር ፈልጌ አጣሁ፤ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

አቶ ግርማ ብስኩት አንስተው፦ "ይቅርታ" አሉ፤ "ግን ማን ነው ቀድሞ የተቀመጠው?"

አባቴ ከኦቦ ቱፋ ትከሻ ራቅ አሉ። ኦቦ ቱፋም ቀና አሉ። ያን ጊዜ ዝምተኛው ሽማግሌ፣ በሁለት እሑድ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አፋቸውን ከፈቱ።

"እኩል" አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ፣ ለአባቴ እግር የሞቀ የጨው ውሃ በሳፋ አቀረብኩ። እግራቸውን ነክረው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"አንቺ" አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ፊት ለፊት ነበርሽ። እውነቱን ንገሪኝ፤ ማን ቀደመ?"

አይቻለሁ። እስከ ጣት ስፋት ድረስ አይቻለሁ።

"እኔ እንጃ፣ አባባ" አልኩ። "መነጽሬን እየጠረግኩ ነበር።"

"መነጽርሽማ አፍንጫሽ ላይ ነበር" አሉ። ፎጣውን አነሳሁ። ከዚያ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ውሃው ከሳፋው ፈሰሰ።

"ስሚ" አሉኝ። "ያ ደብተር አሳስቶሻል። በወጣትነቴ ኩራተኛ ስለነበርኩ ነው እንደዚያ የጻፍኩት። እግሬ የሚከዳኝ በሦስተኛው ዙር አልነበረም።"

"ታዲያ መቼ ነበር?"

"በሁለተኛው።"

ሃያ ዓመት ያነበብኩት ዓረፍተ ነገር ስህተት ኖሮበታል! ፎጣውን አስቀምጬ እርሳስና ላጲስ ላመጣ ተነሳሁ።

"ቁጭ በይ" አሉኝ አባቴ።

ተቀመጥኩ።